ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ስለ ሽንት ቤት በጋዜጣ መጻፍ እንደ ነውር ሳይቆጠር አይቀርም። የኛ ሰው ይህን ቦታ በስሙ መጥራት አይወድም። አንዱ «እጄን ልታጠብ» ይላል፤ ሌላው «መጣሁ፣ አንዴ ዞር ልበል» ይላል፤ የፈረንጅ አፍ የቀናው ደግሞ «ቶይሌት የት ነው?» ብሎ ይሸፋፍነዋል። ጨዋነት ነው፤ ክፋት የለውም። ችግሩ የሚመጣው ስሙን ለመጥራት ያፈርነውን ነገር መጠየቅም፣ መቆጣጠርም ስናፍር ነው። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል። ስለዚህ አንባቢ ይቅርታ ያድርግልኝና ዛሬ በስሙ እጠራዋለሁ።

ሁለተኛ ደረጃ ስማር ሒሳብ ያስተማሩኝ መምህር አሉ። ስማቸውን ስለማልጠራ እንዲያው ጋሼ እያልኩ ልቀጥል፤ ፊት ለፊትም የምጠራቸው እንደዚያው ነው። ጋሼ ጠመኔ ይዘው ክፍል ሲገቡ ስድሳ ተማሪ ፀጥ የሚያሰኙ፣ ከረባታቸው የማይዛነፍ፣ ጫማቸው መስታወት የሚመስል ሰው ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ የስኳር ሕመም ጸናባቸውና አንድ እግራቸው ተቆረጠ፤ ብዙ ሳይቆይ ሁለተኛውም ተከተለ። ዛሬ የሚንቀሳቀሱት በዊልቸር ነው። ከረባታቸውን ግን አልተዉም።

ቅዳሜ ጠዋት አንዳንዴ ወጣ አድርጌያቸው ካፌ እንቀመጣለን። እኔ ማኪያቶዬን አዛለሁ፤ እሳቸው «ጾም ነኝ» ይላሉ። አስተናጋጇ ውሃ ስታመጣም በእጃቸው መለስ ያደርጉታል። ሃይማኖተኛ ሰው ስለሆኑ አልደነቀኝም። እንዲህ እንዲህ እያልን አንድ ዓመት ገደማ ሄድን። ታዲያ አንድ ቀን፣ ፋሲካ ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ እንደ ልማዳቸው «ጾም ነኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ በዓለ ኀምሳ አይደለም እንዴ? የምን ጾም ነው የሚጾሙት?» አልኳቸው።

ሳቅ አሉ። «የኔ ጾም የሽንት ቤት ጾም ነው ልጄ። እሱ ፋሲካ የለውም።»

ከዚያ ልክ ሰሌዳ ላይ እንደሚሠሩ ሆነው ስሌቱን አስረዱኝ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከቤት የሚወጡ ከሆነ ከማታው ሁለት ሰዓት በኋላ ውሃ አይቀምሱም። ጠዋት ሻይ የለም። ክኒናቸውን የሚውጡት በአንድ ጉንጭ ውሃ ነው። ከቤት ውጭ የሚቆዩት ቢበዛ ለአራት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ የሚፈጅ ጉዳይ ካለ ይቀራል። ለቅሶም ቢሆን ይቀራል፤ ሠርግም ቢሆን ይቀራል። «የሚከብደኝ» አሉኝ፣ «ሐኪሙ በየቀጠሮው ‹ጋሼ፣ ውሃ በደንብ ይጠጡ› ሲለኝ ነው። እሺ እለዋለሁ። ሌላ ምን ልበለው?»

ስኳር ከፍ ሲል ሽንት ይበዛል፤ የወጣው ውሃ ካልተተካ ሰውነት ይደርቃል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ሽንት ይዞ መዋልም ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። ጋሼ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። አውቀው ነው የሚጠሙት። ምክንያቱም ጥማት ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው፤ በሰው ፊት መዋረድ ግን በአንድ ደቂቃ ነው።

እኔ ያኔ ትንሽ የተጋነነ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ያሉት ትክክል መሆኑን ያየሁት ከጥቂት ወራት በኋላ ነው።

የጡረታ ሰነዳቸውን ለማስተካከል አንድ መሥሪያ ቤት አብሬያቸው ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ አንባቢ በሚያውቀው መሥሪያ ቤት ስም ቢተካው ብዙ አይሳሳትም። ሕንፃው አዲስ ነው፤ ፊቱ ሙሉ መስታወት ነው። ደጃፉ ላይ ራምፕ ሳይ ደስ አለኝና «ጋሼ፣ ዘመን ተለወጠ እኮ» አልኳቸው። «እስቲ እናያለን» አሉኝ። የሒሳብ አስተማሪ መልሱን ሳያይ አያጨበጭብም።

ጉዳዩ በአንድ ሰዓት ያልቃል ተብሎ ነበር። መጀመሪያ ሲስተም የለም ተባለ፤ ሲስተም መጣ ሲባል ፈራሚው የለም ተባለ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ጋሼ ጎንበስ በል አሉኝና በጆሮዬ «ሽንት ቤት ያለ እንደሆነ እስቲ እይልኝ» አሉኝ። ካወቅኳቸው ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ሲጠይቁኝ የመጀመሪያቸው ነው።

ሄድኩ። አለ! ግራውንዱ ላይ፣ ከወንዶቹና ከሴቶቹ ጎን፣ የዊልቸር ሥዕል ያለበት ሰማያዊ ምልክት የተለጠፈበት በር። ገፋሁት፤ ተቆልፏል።

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?» አልኩት ጥበቃውን።

«ንብረት ክፍል።»

ንብረት ክፍል ሄድኩ። «ሰውዬው ስብሰባ ገብቷል» ተባልኩ።

«ሌላ ቁልፍ የለም?»

«የጽዳት ሠራተኞቹን ጠይቃቸው።»

አንዲት እናት ቁልፉን ከሽርጣቸው ኪስ አወጡ። «መክፈቱን እከፍትልሃለሁ የኔ ልጅ፤ ግን ዕቃ ነው ያለበት» አሉኝ። ከፈቱት። መጥረጊያ፣ መወልወያ፣ ባልዲ፣ የበረኪና ጄሪካን፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ እስከ ኮርኒሱ የተደረደረ የፋይል ካርቶን። መቀመጫው ከካርቶኑ ሥር ነው። ለእጅ መያዣ የተተከለው ብረት ላይ እርጥብ ጨርቅ ተሰጥቶበታል።

ካርቶኑን ማውጣት ስጀምር ጥበቃው ደረሰ። ፋይሉ ያለ ንብረት ክፍል ፈቃድ አይነካም አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ያዘነ ይመስላል። «አትፍረድብን ወንድሜ» አለኝ። «እነሱ እኮ አይመጡም። በዓመት አንድ ሰው ቢመጣ ነው። ክፍሉ ባዶውን ከሚቀመጥ ብለን ነው።»

«እነሱ» ያላቸው ሰው ከኋላው በዊልቸራቸው ቆመው ይሰሙታል።

የወንዶቹን ሽንት ቤት ሞከርን። የውጭው በር አሳለፈን፤ የውስጦቹ በሮች ግን ዊልቸሩን አያስገቡም። ጋሼ መሬቱን አዩት፤ እርጥብ ነው። ከዚያ «ተወው ልጄ፤ ቤት አድርሰኝ» አሉኝ። ታክሲ ጠራሁ። ከመግባታቸው በፊት ኮታቸውን አውልቀው መቀመጫው ላይ አነጠፉት። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር። መገናኛ ጋ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋጋ።

የቀረውን አልጽፈውም፤ አንባቢ ይረዳኛል። ስድሳ ተማሪ ፀጥ ያሰኙ የነበሩት ሰው እስከ ቤታቸው ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔም አልተነፈስኩም።

ይህን ልጽፈው ነው ስላቸው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ኋላ ላይ «ጻፈው» አሉኝ። «እኔ የማፍረውን አፍሬያለሁ። አሁን ተራው የባለቁልፉ ነው።»

እንግዲህ ወደ ነገሩ እንግባ። «ሕግ ስለሌለ ነው» እንዳይባል ሕግ ወጥቷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልበት ማንኛውም ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዘዘ። በዊልቸር የሚሄደውን ብቻ ሳይሆን፣ መራመድ እየቻለ ደረጃ መውጣት የሚያቅተውንም ሰው ጨምሮ ነው የጠቀሰው። ሽንት ቤት በሚያስፈልገው ሕንፃ ውስጥም በቂ ቁጥር ያለው ሽንት ቤት ለአካል ጉዳተኞች የተመቸና የሚደርሱበት መሆን አለበት አለ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ አጸደቀች። የዚያ ስምምነት አንቀጽ 9 ሙሉ በሙሉ ስለ ተደራሽነት ነው። በወረቀት በኩል የሚታማ ነገር የለንም።

ልብ በሉ፤ የጋሼም በር የዚያው ሕግ ልጅ ነው። አርክቴክቱ ፕላኑ ላይ አስገብቶታል። ፈቃድ ሰጪው አይቶ ማኅተም መትቶበታል። ኮንትራክተሩ ሠርቶታል፤ ብረቱን ሳይቀር ተክሎታል። ሕንፃው ሲመረቅ በሩ ተከፍቶ ለእንግዶች ታይቶ ይሆናል። ሁሉም ድርሻውን ተወጣ፤ ከዚያ አንድ ሰው መጥረጊያ አስገባበትና ቆለፈው። ሕግ ክፍሉን አሠራ፤ ሕግ ክፍሉን መክፈት ግን አልቻለም። ስለዚህ የኔ ክስ ሽንት ቤት ባልሠሩት ላይ ብቻ አይደለም። ሠርተው በቆለፉት ላይ ይብሳል፤ ያልሠራው ቢያንስ ምልክት ለጥፎ አላታለለንም።

ምልክቱን ለጥፎ ልኩን የሚስተውም አለ። አንድ ዊልቸር በአንድ ቦታ ላይ ለመዞር 1 ሜትር ከ50 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ይፈልጋል። በሩ ሲከፈት ነጻ ክፍተቱ ከ80 ሳንቲ ሜትር ማነስ የለበትም፤ 90 ቢሆን ይመረጣል። ራምፑ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ለመውጣት 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ያህል መርዘም አለበት፤ ከዚያ ካጠረ ራምፕ ሳይሆን ሸርተቴ ነው። መቀመጫው ከዊልቸሩ ከፍታ ጋር መቀራረብ አለበት፤ ከጎኑ ዊልቸሩ የሚጠጋበት ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፤ ግድግዳው ላይ የሰው ክብደት የሚችል ብረት ያስፈልጋል። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ሰው ውስጥ ቢወድቅ ራሱ በሩን ይዘጋዋል፤ ማን ገብቶ ያነሳዋል? ይህ ሁሉ በእርሳስ ጊዜ የሚጨርሰው ትንሽ መስመር ነው። ግድግዳው ከቆመ በኋላ ግን ማፍረስ ይጠይቃል፤ ለአንድ ሽንት ቤት ብሎ ደግሞ የሚያፈርስ የለም።

ነገሩ የዊልቸር ብቻም አይደለም። ክራንች ይዛ የምትሄድ ሴት ቁጢጥ በሚባልበት ሽንት ቤት እንዴት ትጠቀም? ክራንቿን የት ታስደግፈው? እርጥብ ሴራሚክ ላይ በአንድ እግር ቆማ ልብሷን በየትኛው እጇ ትያዝ? በወር አበባዋ ጊዜስ? ዓይነ ስውሩ ደግሞ ቀዳዳው የት ጋ እንደሆነ የሚያውቀው ግድግዳውን በእጁ ዳብሶ ነው። በኛ ሽንት ቤቶች ግድግዳ መዳበስ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶው፣ ማለትም ከስድስት ሰው አንዱ ያህል፣ ከበድ ያለ የአካል ጉዳት አለበት። ሁሉም ዊልቸር ላይ አይደለም፤ ግን በዚያ ስሌት 12 ሰው የጫነ ሚኒባስ ውስጥ ሁለቱ እነሱ ናቸው ማለት ነው። ጉልበቷ የታመመ አያት፣ የደረሰች ነፍሰ ጡር፣ ትናንት ቀዶ ሕክምና አድርጎ የወጣ ጎረምሳ ሲጨመር ቁጥሩ ወዴት እንደሚሄድ ጋሼን መጠየቅ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ሳወራ ይስቁብኛል። «አንተ ደግሞ! ጤነኛው በየግንቡ ሥር በሚሸናበት ከተማ ስለ አካል ጉዳተኛ ሽንት ቤት ማውራት ቅንጦት ነው» ይሉኛል። እኔ እምለው፣ ይህ ክርክር የቆመው በሁለት እግሩ ነው። ጤነኛው ወንድ ግንብ አለው፤ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚለውን ጽሑፍ አንብቦ እዚያው ላይ ይሸናል። ሦስት ደረጃ ቢኖር ይወጣል፤ ካፌ ገብቶ ቡና አዞ ጓሮ ይዞራል። ግንቡ ለጋሼ አይሆንም። ግንቡ ለሴቷም አይሆንም። አማራጭ ያለው ሰው አማራጭ የሌለውን «ተራህን ጠብቅ» ማለቱ ነው ነገሩ።

አሁን ወደዚያ ጥበቃ ቃል ልመለስ። «እነሱ እኮ አይመጡም» ነበር ያለኝ። እውነቱን ነው፤ አይመጡም። ግን ለምን አይመጡም? ጋሼ ከዚያ ቀን ወዲህ እዚያ መሥሪያ ቤት አልሄዱም፤ ሰነዱን የጨረስኩላቸው እኔ ነኝ በውክልና። እንግዲህ በሚቀጥለው ዓመት ጥበቃው ሲጠየቅ «አንድ ሽማግሌ አንዴ መጥተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የመጣ የለም» ይላል። አይመጡም ተብሎ ይቆለፋል፤ ስለተቆለፈ አይመጡም፤ ስላልመጡ ቁልፉ ልክ ነበር ይባላል። ይህ ክብ መስመር ነው፤ መጀመሪያው የት እንደሆነ የማይታይ። በዚህ ክብ ውስጥ ነው አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሥራ የሚተወው፣ ትምህርት የሚያቋርጠው፣ ከዕድር የሚቀረው፣ ፍርድ ቤት የማይቆመው። እኛ ደግሞ «አካል ጉዳተኛ ተደብቆ ይኖራል፤ ቤተሰብ ነው የሚደብቀው» እያልን ቤተሰቡን እንወቅሳለን። ቤተሰብም አልፎ አልፎ ይደብቅ ይሆናል። ሽንት ቤቱ ግን በየቀኑ ይደብቃል።

የጋሼ ሴት ልጅ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። አንድ ጊዜ ወስዳቸው ሦስት ወር ተቀምጠው ተመለሱ። ምን አዩ ስላቸው ስለ ፎቁም ስለ መኪናውም አላወሩልኝም። «ውሃ እንደ ልቤ ጠጣሁ» ነው ያሉኝ። እኔ በልቤ «ሀብታም አገር ስለሆነ ነው» ብዬ ነበር። ኋላ ሳነብ ነገሩ እንዲያ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1990 በዋሽንግተን የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ እንዲጸድቅ የጠየቁ ብዙ ሰዎች ዊልቸራቸውንና ክራንቻቸውን ከታች ትተው የምክር ቤቱን ደረጃ በእጃቸውና በደረታቸው እየተሳቡ ወጡ። ሕጉ በዚያው ዓመት በሐምሌ ተፈረመ። እነሱ ተሳቡ፤ ዓለም አየ፤ ሕግ ሆነ። የኛ ሰው ደግሞ በየሽንት ቤቱ እርጥብ መሬት ላይ ይሳባል፤ በሩ ዝግ ስለሆነ ግን ማንም አያየውም።

በጎውን ነገር አለመናገር ደግሞ ነውር ነው። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተጀመረው የኮሪደር ልማት የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች ከመንገዱ ጋር አብረው ተሠርተዋል። ለከተማችን ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረውን የምናውቅ እናውቀዋለን። ከነዚህ አንዳንዶቹ ጋ ቆሜ አይቻለሁ። ደጃፉ ከመንገዱ ጋር እኩል የሆነ አለ፤ ደስ ይላል። ታዲያ እኔ ሳልፍ አሁን የማየው ጽዳቱን ብቻ አይደለም። በሩ ስንት ሳንቲ ነው? ውስጥ ገብቶ ዊልቸር ይዞራል? ምልክት ያለበት ክፍል ካለ፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው? አዲስ ሲሆን ሁሉም ነገር ክፍት ነው። ፈተናው ከአምስት ዓመት በኋላ መጥረጊያ ማስቀመጫ ሲጠፋ ነው።

እኔም ራሴን ነፃ አላወጣም። ቤቴን ከስምንት ዓመት በፊት ሳሠራ የሽንት ቤቱን በር 70 ሳንቲ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ግንበኛው ሲጠይቀኝ «ምን ችግር አለው፣ ይበቃል» ብዬዋለሁ። ጋሼ ፋሲካን እኔ ቤት እንዲውሉ ስጋብዛቸው ዶሮውን ቀምሰው በሰዓታቸው «ልሂድ» ይላሉ። ጠላ ሲቀዳ «ጠላ ትቻለሁ» ይላሉ። እኔም ሰውዬው ቁጥብ ናቸው እያልኩ ስንት ዓመት አሳለፍኩ። የኔም ቤት ከሚጾሙባቸው ቤቶች አንዱ እንደነበር ያወቅኩት ገና አሁን ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ነገር አልጠይቅም። የሕንፃ መጠቀሚያ ፈቃድ የሚሰጠው ባለሙያ አንድ ዊልቸር ይዞ ይሂድ፤ ራሱ ተቀምጦበት ይግባ፣ በሩን ይዝጋ፣ ይዙር፣ ይውጣ። ያን ጊዜ ሜትር አያስፈልገውም። በየዓመቱም ድንገት ይመለስና በሩን ይግፋ። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ደግሞ ነገ ጠዋት ወርደው ያችን ሰማያዊ ምልክት ያለባትን በር ይግፉ። ከተቆለፈች ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ ይጠይቁ፤ እንዳልኩት ሦስት ሰው ጋ ይዞራሉ። በአካል ጉዳተኞች ስም የሚካሄድ ስብሰባ ላይም ስለ መብት ከመነገሩ በፊት የአዳራሹ ሽንት ቤት ይታይ። ካልሆነ ስለ እነሱ የምንነጋገረው እነሱ ሳይጠጡ ነው።

ባለፈው ወር በዚያ መሥሪያ ቤት በኩል ሳልፍ ገባ ብዬ አየሁ። ቁልፉን የሰጡኝ እናት አወቁኝ። «ካርቶኑን አስወጣናቸው እኮ! ተጨቃጭቄ» አሉኝ። እውነትም ክፍሉ ባዶ ነው፤ መሬቱ ተወልውሏል፤ ብረቱ ላይ ጨርቅ የለም። አመሰገንኳቸው። ወደ ጋሼ ደውዬ ልነግራቸው ስልኬን አወጣሁ።

«ታዲያ አሁን ሁልጊዜ ክፍት ነው ማለት ነው?» አልኳቸው ለእርግጠኝነት።

«አይ፣ ይቆለፋል» አሉኝ። «ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው።»

ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትኩት።